ስለ ፌስታል መታገድና ስለ እኛ ስለ ጅግጅጋ ነጋዴዎች

የምክር ቤታችን ሳምንታዊ ጋዜጣ የዋጋውን፣ የጉምሩኩንና የግብሩን ነገር እየተከታተለ ለአባሎቹ ሲያሳውቅ መቆየቱ የሚያስመሰግነው ነው። እኔ በዚህች በጅግጅጋ ከተማ በአንድ የጅምላ ንግድ ቤት ውስጥ በፀሐፊነት የማገለግል፣ ትምህርቴም ከሁለተኛ ደረጃ ያላለፈ፣ ዕድሜዬም አርባን የተሻገረ ሴት ነኝ። ደብዳቤ እጽፋለሁ፣ መዝገብ እይዛለሁ፣ የጭነት ደረሰኝ እቆጥራለሁ። በጋዜጣ ላይ አሳብ መስጠት የለመድሁት ሥራ አይደለም። ነገር ግን አንድ ጉዳይ በየቀኑ በዓይኔ ፊት እየተመላለሰ ዝም እንዳልል አስገድዶኛልና፣ የተከበራችሁ የምክር ቤቱ አባሎችና አንባቢዎች ጥቂት ጊዜ እንድትሰጡኝ እለምናለሁ። ጉዳዩ የፌስታል ጉዳይ ነው።

ፌስታል ሲባል አንዳንዱ ሰው ፈገግ ይል ይሆናል። ስለ ስኳርና ስለ ሩዝ፣ ስለ ውጭ ምንዛሪና ስለ በርበራ መንገድ መነጋገር ሲገባ ስለ መጠቅለያ መጻፍ የሥራ ፈት ነገር ይመስለዋል። እኔም ቀድሞ እንደዚሁ አስብ ነበር። ዛሬ ግን ፌስታል በሕግ የተከለከለ ዕቃ ሆኗል። በ2017 ዓ.ም. በግንቦት ወር የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው አዲሱ የደረቅ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ አዋጅ፣ አንድ ጊዜ አገልግሎ የሚጣለውን የፕላስቲክ ከረጢት ማምረትንም፣ ከውጭ ማስገባትንም፣ መሸጥንም፣ ማከማቸትንም፣ መጠቀምንም ይከለክላል። ይዞ የሚገኝ ሰው ከ2,000 እስከ 5,000 ብር መቀጫ እንዲከፍል ተደንግጓል፤ በአምራቹና በአስመጪው ላይ ደግሞ ከዚህ እጅግ የበረታ ቅጣት ተጥሏል። እንግዲህ ነገሩ ከቀልድ አልፎ የንግድ ፈቃድና የኪስ ነገር ሆኗል ማለት ነው።

አዋጁ ከተሰማ በኋላ አሠሪዬ ሐጂ (ስማቸውን አልጠራም፣ ይህንንም የምጽፈው በፈቃዳቸው ነው) አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወደ ቢሮዬ ገብተው ደብዳቤ እንድጽፍ አዘዙኝ። ደብዳቤው ለአንድ የአዲስ አበባ አቅራቢ የሚላክ ሲሆን፣ ያለውን ፌስታል ሁሉ በእስር በእስሩ ጠቅልሎ በቶሎ እንዲልክልን የሚጠይቅ ነበር። «ልጄ፣ የተከለከለ ነገር ዋጋው ይወጣል፤ በኋለኛው መጋዘን እናስቀምጠውና እናያለን» አሉ። እኔም ጥቂት ከጻፍሁ በኋላ ብዕሬን አስቀምጬ፣ «ሐጂ፣ አዋጁ ማከማቸትንም ይከለክላል፤ መጋዘኑ ቢፈተሽ የሚጠየቀው አቅራቢው አይደለም፣ እርስዎ ነዎት» አልኳቸው። እሳቸውም ተቆጥተው፣ «አንቺ የነጋዴ ፀሐፊ ነሽ ወይስ የመንግሥት?» አሉኝ። «የእርስዎ ፀሐፊ ነኝ፤ ስለሆንሁም ነው የምናገረው» ብዬ መለስሁ። ደብዳቤው በዚያን ቀን ሳይፈረም ቀረ። የዚህ ጽሑፍ መነሻው ያ ክርክር ነው፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳስብ የቆየሁትንም እነሆ ለእናንተ ለማቅረብ እወዳለሁ።

ወጣቶች አንባቢዎች ፌስታል ከሰው ልጅ ጋር አብሮ የተፈጠረ ይመስላቸው ይሆናል። እኔ ልጅ በነበርሁበት ዘመን እናቴ ወደ ገበያ ስትወጣ ዘምቢሏን በክንዷ አንጠልጥላ ነበር። ስኳር በጋዜጣ ወረቀት ተጠቅልሎ፣ ጫፉ እንደ ቀንድ ተቆልምሞ ይሰጣል። ሥጋ በወረቀት፣ ቅቤ በቅጠል፣ ጫት በእርጥብ ሣርና ቅጠል ይጠቀለል ነበር። እህል በጆንያ፣ ወተት በእንጨትና በስፌት ዕቃ ይመጣ ነበር፤ የአርብቶ አደሩ ሴት የወተቱን ዕቃ በጢስ ታጥነው ስለ ነበረ ወተቱ መዓዛ ነበረው። ዛሬ ሁላችንም የምናንጠለጥለው ባለ ጆሮ ፌስታል ደግሞ ስቴን ጉስታፍ ቱሊን የተባለ ስዊድናዊ መሐንዲስ ያወጣው ሲሆን፣ ይሠራበት የነበረው ሴሎፕላስት የተባለው ኩባንያ የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1965 ነው። እንግዲህ ዕድሜው ከብዙዎቹ የምክር ቤታችን ሽማግሌዎች ዕድሜ ያንሳል። ያለ እርሱ ንግድ አይሆንም የሚል ሰው ካለ፣ ካራማራ ሥር ያለችው ይህች ከተማ ከፌስታል በፊትም የገበያ ከተማ እንደ ነበረች ማስታወስ በቂ ነው።

ሆኖም ያለፈውን ዘመን በማወደስ ብቻ ነገር አይሠራም። ፌስታል ገበያውን የያዘው ቀላል፣ ውሃ የማያስገባና ርካሽ ስለ ሆነ ነው። ርካሽ ነው ስንል ግን እኛ መዝገብ የምንይዝ ሰዎች ጥቂት ልንጠነቀቅ ይገባል። በቤታችን መዝገብ ፌስታል የሚጻፈው «ልዩ ልዩ ወጪ» በሚለው ዓምድ ሥር ከምስማር፣ ከገመድና ከሻይ ጋር ነው። የአንድ ቀን ወጪው አይታይም። በዓመቱ መጨረሻ ዓምዱን ስደምር ግን ከመብራቱ ክፍያ የሚበልጥበት ጊዜ ነበረ። ደንበኛው «በነፃ ተሰጠኝ» ይላል እንጂ፣ የፌስታሉ ዋጋ በስኳሩና በፓስታው ዋጋ ውስጥ ተሸሽጎ ይከፈላል። አንድ ኪሎ ቲማቲም የገዛው ሰው ሁለት ፌስታል ደርቦ ይጠይቃል፣ ምክንያቱም አንዱ ቀጭን ስለ ሆነ ይቀደዳል። ሻጩም ደንበኛ እንዳይቀየመው ይሰጣል። ሁላችንም እየሰጠን ስለ ሆነ አንዱ ብቻውን ማቆም አይችልም፤ ቢያቆም ደንበኛው ወደ ጎረቤቱ ሱቅ ይሄድበታል። ሕግ ለነጋዴ የሚጠቅመው በእንዲህ ያለው ነገር ነው ብዬ አምናለሁ፤ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ስለሚያቆም ቀድሞ ያቆመውን አይጎዳውም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳት ልምጣ። ከጅግጅጋ ወደ ቶጎ ጫሌ፣ ወደ አውበሬ ወይም ወደ ቀብሪበያ የሚወስደውን መንገድ የተጓዘ ሰው ሁሉ የሚያየውን ያውቃል። ነፋሱ ከከተማው ጠራርጎ ያወጣው ፌስታል በየግራሩ እሾህ ላይ ተሰቅሎ፣ ጥቁሩና ሰማያዊው እንደ ባንዲራ ይውለበለባል። በሐርጌሳ በኩል ያሉት ወንድሞቻችን ይህንኑ አይተው ፌስታልን «የሐርጌሳ አበባ» ብለው በምፀት ስም አውጥተውለት ነበር። የእኛ አገር ደግሞ የከብት፣ የግመል፣ የበግና የፍየል አገር ነው። ነጋዴው በሱቁ ሩዝ ቢሸጥም፣ የሩዙን ዋጋ የሚከፍለው ሰው ገንዘቡን ያገኘው ከከብቱ ነው። ዝናብ ሲጠፋና ሣር ሲደርቅ እንስሳው ያገኘውን ይበላል፤ ጨው የነካው፣ የሥጋ ወይም የፍራፍሬ ሽታ ያለው ፌስታል ደግሞ ይጣፍጠዋል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአረፋ በዓል ከሠፈራችን አንድ ጎረቤት ቤት በግ ታርዶ ነበር። በጉ ሆዱ የተነፋ፣ ጀርባው ግን አጥንቱ የወጣ ነበር። ጨጓራው ሲከፈት እንደ ኳስ የተጠቀለለ የፕላስቲክ ክምር ወጣ። ክሩ፣ ገመዱና ፌስታሉ አንዱ ባንዱ ላይ ተጠላልፎ ከመጠንከሩ የተነሣ በቢላዋ እንኳ ለመለየት አስቸጋሪ ነበር። ልጆቹ እየተሳሳቁ ሲመለከቱት አሮጊቷ የቤቱ እናት ግን አለቀሱ፤ በጉን የገዙት ልጃቸው ከሩቅ በላከላቸው ገንዘብ ነበር። ይህ የአንድ ቤት ታሪክ ብቻ አይደለም። በሐረማያ ቄራዎች የእንስሳት ሐኪሞች ባደረጉት ምርመራ፣ ከከብት፣ ከበግና ከፍየል ጨጓራ ውስጥ ከሚወጡት ባዕድ ነገሮች መካከል የበዛው ፕላስቲክ ሆኖ ተገኝቷል። ነገሩ የሚሆነው እንዲህ ነው፤ የሚያመሰኳ እንስሳ የዋጠውን ፌስታል ሊፈጨውም ሊያስወጣውም አይችልም። ፌስታሉ በጨጓራው ውስጥ ቦታ ይይዛል፣ እንስሳውም የጠገበ ይመስለውና መብላቱን ይቀንሳል። ሥጋው ያልቃል፣ ወተቱ ይጎድላል፣ ሲብስም ይሞታል። ባለቤቱ ግን በሽታው ምን እንደ ሆነ ሳያውቅ መድኃኒት ሲገዛ ይከርማል።

የከብት ነጋዴዎቻችን የባሕር ማዶ ገዢ ፊቱን ሲያዞር ምን እንደሚደርስ በሚገባ ያውቃሉ። እ.ኤ.አ. በ2000 ሳውዲ ዓረቢያ በስምጥ ሸለቆ ትኩሳት ምክንያት ከአፍሪካ ቀንድ የሚመጣውን እንስሳ ስትከለክል፣ እገዳው እስከ 2009 ድረስ ቆይቶ ስንቱን ቤት እንዳራቆተ የዚህ አገር ሰው አይረሳውም። ያ በሽታ ከትንኝ የመጣ ነበር፣ ማንንም መውቀስ አይቻልም። ይህኛው ግን ከገዛ ሱቃችን ጠረጴዛ ላይ ተነሥቶ የሚሄድ ነው። አሥር ሣንቲም የማያወጣ መጠቅለያ በነፃ ሰጥተን በብዙ ሺህ ብር የሚገመት ግመል ስንገድል፣ በየትኛው የሒሳብ መዝገብ ትርፍ ተብሎ እንደሚጻፍ አላውቅም።

ከዚህ የተነሣ አዋጁን በመሠረቱ እደግፈዋለሁ። ሐጂንም የተከራከርኳቸው ስለዚህ ነው። ነገር ግን ሕግ በወረቀት ላይ ስለ ተጻፈ ብቻ እንደማይሠራ እኛ ነጋዴዎች ከማንም ይልቅ እናውቃለን። ለዚህም ምስክሩ የቀድሞው አዋጅ ነው። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 ስለ ፌስታል ተናግሮ ነበር፤ የማይበሰብስና ውፍረቱ 0.03 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በታች የሆነ ፌስታል እንዳይመረትና እንዳይገባ ከልክሎ ነበር። ስንቶቻችሁ ይህን ታውቁ ነበር? እኔ ያወቅሁት አዲሱ አዋጅ ከወጣ በኋላ ነው። በመካከሉ 18 ዓመት አልፏል፤ በነዚያ ዓመታት ውስጥ በገበያችን የተሸጠው ቀጭኑ ፌስታል ግን ሊቆጠር አይችልም።

የዚያ አዋጅ ድካም ከየት መጣ? እንደሚመስለኝ ከልኩ ነው። 0.03 ሚሊ ሜትርን በዓይን የሚለይ ሰው የለም። ለመለካት ልዩ መሣሪያ ያስፈልጋል፤ መሣሪያው ደግሞ በኬላ ጠባቂውም፣ በቀበሌው ሠራተኛም፣ በባለ ሱቁም እጅ የለም። ስለዚህ የተፈቀደውና የተከለከለው አንድ መደርደሪያ ላይ ተቀላቅሎ ይሸጥ ነበር። አዲሱ አዋጅ ፌስታልን በሙሉ በመከልከሉ ይህን ችግር አስወግዷል። ፌስታል መሆኑን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም፣ ዓይን ይበቃል።

ሁለተኛው ችግር ግን አሁንም አለ፤ እርሱም የድንበሩ ነገር ነው። እኛ ያለነው በአዲስ አበባ መካከል አይደለም። ቶጎ ጫሌ ከከተማችን በመኪና ጥቂት ሰዓት እንኳ የማይፈጅ መንገድ ነው፤ በዚያ በኩል በሕጋዊ መንገድ የሚገባው ዕቃ እንዳለ ሁሉ በሌሊት በአህያና በግመል የሚገባም አለ። ይህን ስናገር ምሥጢር አላወጣሁም። በሐርጌሳ ያለው አስተዳደር ራሱ ፌስታልን እ.ኤ.አ. በ2005 በአዋጅ የከለከለ ሲሆን፣ ፌስታሉ ግን ከዚያ ወዲህም በገበያው ታይቷል። ሌላው ዓለምም ያስተምረናል። ባንግላዴሽ ፌስታልን በሕግ በመከልከል በዓለም የመጀመሪያዋ አገር ናት፤ የከለከለችውም እ.ኤ.አ. በ2002 ነው፣ ምክንያቱም በ1988 እና በ1998 በደረሰው ታላቅ የጎርፍ አደጋ ጊዜ የውሃ መውረጃ ቦዮችን የደፈነው ፌስታል ነው ተብሎ ስለ ታመነበት። ነገር ግን ተቆጣጣሪው ሲደክም ፌስታሉ ተመለሰ፤ በ2024 መንግሥቱ እንደ ገና ከትልልቅ ሱቆች ለማስወጣት መነሣት ግድ ሆነበት። ኬንያ በበኩሏ እ.ኤ.አ. በነሐሴ ወር 2017 እስከ አራት ዓመት እስራት የሚያደርስ ብርቱ ሕግ አውጥታ የከተማዋን መልክ ለውጣለች፤ ይሁን እንጂ ከጎረቤት አገሮች በኮንትሮባንድ የሚገባው ፌስታል ሲያስቸግራት ኖሯል። ታንዛኒያ በ2019 ስትከለክል ነው ከዚያ በኩል ያለው ቀዳዳ የጠበበው። ሩዋንዳ ከ2008 ጀምራ የጸናችው ከአውሮፕላን ማረፊያው አንሥታ ስለ ፈተሸች ነው። ከዚህ የምረዳው ሕጉ የሚጸናው በበሩ ላይ መሆኑን ነው።

እዚህ ላይ ከሐጂ ጋር የምስማማበት አንድ ነገር አለ። እሳቸው እንዲህ አሉ፤ «መንግሥት ትልቁን በር ትቶ ትንሿን ሴት ቢይዝ ፌስታሉ አይጠፋም፣ ሴትዮዋ ግን ትጠፋለች።» ይህ እውነት ነው። በገበያው መግቢያ ተቀምጠው የግመል ወተት የሚሸጡ አንዲት እናት አሉ፤ እኛ ሠፈር ሁላችንም «ኤዶ» እያልን እንጠራቸዋለን። ወተቱ ከጎርሱምና ከባቢሌ በኩል በጄሪካን ይመጣላቸዋል። ግማሽ ሊትር ለሚገዛ ሰው ዕቃ ካላመጣ በፌስታል ቋጥረው ይሰጡታል። የቀን ትርፋቸው ሁለት መቶ ብር ቢሞላ ጥሩ ቀን ነው ይሉኛል። እርሳቸውን 2,000 ብር መቅጣት ማለት የአሥር ጥሩ ቀን ትርፋቸውን መውሰድ ነው። ፌስታሉን በጅምላ ያስገባው ሰው ግን በዚያች ቀን ሻዩን ይጠጣል። ስለ አዋጁ ነግሬያቸው ምን እንደሚያደርጉ ስጠይቃቸው፣ «ልጄ፣ ዕቃ የሌለውን ልሸኘው? ወተት ያድራል እንዴ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ስለዚህ በበኩሌ የምለው ይህ ነው። ቁጥጥሩ ከመጋዘንና ከኬላ ይጀመር እንጂ ከጉሊት አይጀመር። አዋጁ ይህን ቅደም ተከተል አይከለክልም፤ የአፈጻጸም ነገር ነው፣ የአፈጻጸም ነገር ደግሞ ክልሉና ከተማው ከነጋዴው ጋር ተነጋግረው ሊወስኑት የሚችሉት ነው። ምክር ቤታችንም ለዚህ ነው ያለው። ነጋዴው ሕጉን እንደ ጎርፍ ተኝቶ ከሚጠብቀው፣ ቀድሞ ሄዶ «በዚህ ወር መጋዘኖቻችንን እናስመዘግባለን፣ በዚህ ወር የቀረውን እናስረክባለን፣ ከዚህ ወር በኋላ የተገኘብን እንቀጣ» ቢል፣ ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው። በመጋዘን የቀረውን ፌስታል በተመለከተ፣ ወደ አዲስ አበባ ወይም ወደ ድሬዳዋ የፕላስቲክ መልሶ ማቅለጫ ፋብሪካዎች በኪሎ መሸጥ ይቻል እንደ ሆነ ምክር ቤቱ ቢያጣራልን፣ አንድ ነጋዴ ብቻውን ከሚልከው ሁላችንም በአንድ መኪና ብንልክ ማጓጓዣው ይቀላል።

ምትኩ ምን ይሁን ለሚለው ጥያቄ ደግሞ ጥቂት ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። በኬንያ ፌስታል ሲከለከል ገበያውን የሞላው ጨርቅ የሚመስለው ቀለማም ከረጢት ነበር። ይኸው ከረጢት ጨርቅ ይምሰል እንጂ የተሠራው ከፕላስቲክ ክር ነው፤ ጥራቱ የወረደው ቶሎ ስለሚቀደድ እንደ ፌስታሉ በየመንገዱ ይጣል ጀመር፣ በ2019ም የአገሩ የአካባቢ ባለ ሥልጣን ይህን ደግሞ ለማገድ ተነሣ። እኛ ጋም ከአሁኑ ይህ ከረጢት እየገባ ነው፤ ነጋዴው «ጨርቅ ነው» እየተባለ ሲሸጥለት አይታለል። እውነተኛው የጥጥ ከረጢትም ቢሆን በከንቱ የሚጣል ከሆነ አይጠቅምም። የእንግሊዝ አገር የአካባቢ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው ጥናት፣ አንድ የጥጥ ከረጢት በአየር ላይ ከሚያደርሰው ጫና አንጻር ከአንድ ተራ ፌስታል የሚሻለው ቢያንስ 131 ጊዜ ሲያገለግል ነው ብሏል። አንድ ሰው በሳምንት ሁለት ጊዜ ገበያ ቢወጣ፣ ከረጢቱ ከአንድ ዓመት በላይ ሊቆይለት ይገባል ማለት ነው። የእናቴ ዘምቢል ስንት ዓመት እንዳገለገለ ግን የቆጠረው የለም። እኔ ትምህርት ቤት ከመግባቴ በፊት የነበረ ሲሆን፣ ስጨርስም ከግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ነበር።

ዘምቢል የምለው የናፈቀኝ ስለ ሆነ ብቻ አይደለም። ከዘንባባ ቅጠል ምንጣፍና ስፌት የሚሠሩ ሴቶች በዚህ ክልልም፣ በአፋርም፣ በድሬዳዋ አካባቢም አሉ። የእጅ ሥራቸው የሚቀዘቅዘው የሚገዛ በመጥፋቱ ነው። አንድ የጅምላ ቤት ለሺህ ዘምቢል ትዕዛዝ ቢሰጥ፣ ገንዘቡ ወደ ባሕር ማዶ ሳይሻገር እዚሁ ይቀራል። የፌስታል ጥሬ ዕቃ በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ የሚመጣ መሆኑን ልብ ይሏል፤ ያንን ምንዛሪ ለማግኘት ደጅ የሚጠኑት ደግሞ መድኃኒትና መለዋወጫ የሚያስመጡት ነጋዴዎቻችን ናቸው። ለዳቦና ለስኳር የካኪ ወረቀት ከረጢት ይበቃል። ወረቀቱን እዚሁ አጥፎና ለጥፎ የሚሸጥ ሥራ ለብዙ ወጣት እንጀራ ይሆናል። ለሥጋም ቀድሞ እንደ ነበረው ወረቀት ይሆናል፤ ንጽሕናው እንዲጠበቅ ግን የታተመ ጋዜጣ ባይሆን ይመረጣል። ለጫት ነጋዴዎቻችን የምለው ነገር የላቸውም እንዳይባል፣ ጫት እርጥበቱን ጠብቆ እንዲቆይ ከፌስታል በፊት የነበረውን ዘዴ ከእኔ ይልቅ እነርሱ ያውቁታል።

አስቸጋሪው እርጥብና ፈሳሽ ነገር ነው። የኤዶ ወተት በወረቀት አይቋጠርም። ለዚህ መፍትሔው ደንበኛው የራሱን ዕቃ ይዞ እንዲመጣ ማድረግ፣ ላላመጣውም ተመላሽ የሚሆን ጠርሙስ በመያዣ ገንዘብ መስጠት ነው። የለስላሳ ጠርሙስ ስንገዛ ባዶውን ካልመለስን መያዣ እንደምንከፍል ሁላችንም እናውቃለን፤ አዲስ ነገር አልፈጠርሁም። ነገር ግን የወተት ሻጮች ለመቶ ጠርሙስ የሚሆን መነሻ ገንዘብ የላቸውም። የጅምላ ነጋዴዎች ማኅበር ይህን ያህል ብድር ለገበያው ሴቶች ቢሰጥ እንደ ምጽዋት ሊቆጠር አይገባውም፤ እነርሱ ካልሸጡ እኛም አንሸጥምና።

አንዳንድ አባሎች «ይህ ሁሉ ድካም ለምን? ነገሩ እንደ ቀድሞው ተረስቶ ይቀራል» እንደሚሉ ሰምቻለሁ። የ1999ኙ አዋጅ ስለ ተረሳ የ2017ቱም ይረሳል ማለታቸው ነው። ሊረሳ ይችላል፣ ይህን አልክድም። ነገር ግን ሕጉ ቢረሳም ፌስታሉ አይረሳም፤ በግራሩ ላይ እንደ ተሰቀለ፣ በቦዩ ውስጥ እንደ ተወተፈ፣ በበጉ ጨጓራ ውስጥ እንደ ተቋጠረ ይኖራል። ደግሞም ሕጉ ከሰባት ወር በኋላ ይታወስ ወይም ከሰባት ዓመት በኋላ የሚያውቅ የለም፤ በሚታወስበት ቀን መጋዘኑ ሙሉ ሆኖ የሚገኝ ነጋዴ ግን «እረሳዋለሁ ብዬ ነበር» ቢል የሚሰማው ዳኛ አያገኝም።

ሐጂ አሁን በከፊል ተመልሰዋል። ደብዳቤውን እንድቀድደው አላዘዙኝም፣ እንድልከውም አላዘዙኝም። በሱቁ ግን ካለፈው ወር ጀምሮ ፌስታል ለጠየቀ ሰው ሁሉ ዋጋ እንዲጠየቅ አደረጉ። በመጀመሪያው ሳምንት ሰው ተቆጣ፤ አንድ ደንበኛ ከነ ሩዙ ጥሎ ሄደ። በሦስተኛው ሳምንት ከሚመጣው ሰው ብዙው ማዳበሪያውን ወይም ከረጢቱን ይዞ ይመጣ ነበር። ጥሎ የሄደው ደንበኛም ተመልሶ መጥቷል፤ የእኛ ስኳር ከጎረቤቱ ሱቅ በኪሎ ጥቂት ሣንቲም ረክሶ ስላገኘው ነው፣ የረከሰበትንም ምክንያት ከ«ልዩ ልዩ ወጪ» ዓምድ ላይ ማሳየት እችላለሁ።

በመጨረሻ ለምክር ቤታችን ሁለት ነገር እለምናለሁ። አንደኛው፣ በሚመጣው አጠቃላይ ስብሰባ የፌስታል ጉዳይ በአጀንዳ እንዲያዝና የከተማው አስተዳደር፣ የጉምሩክ ጣቢያውና የአካባቢ ጥበቃ ቢሮው ተወካዮች እንዲጠሩ ነው፤ ከቶጎ ጫሌ፣ ከአውበሬና ከቀብሪበያ ያሉ ነጋዴዎችም ወኪል ይላኩ፣ ድንበሩ ያለው በእነርሱ በኩል ነውና። ሁለተኛው፣ የካኪ ወረቀት ከረጢት፣ የዘምቢልና የጠርሙስ የጅምላ ዋጋ የሚያውቁ አባሎች ዋጋውን ለዚህ ጋዜጣ ዝግጅት ክፍል እንዲልኩና ጋዜጣው ከስኳርና ከሩዝ ዋጋ ጎን በየሳምንቱ እንዲያወጣልን ነው። ኤዶ ስለ ጠርሙሱ ዋጋ በየጠዋቱ ይጠይቁኛል፤ እስካሁን የምነግራቸው አላገኘሁም።